ትራፓኖ ፍሬዛ አይደለም

ከዚህ ቀደም በዚሁ ዓምድ «ክረምቱን ልጆቻችሁ ከስልክ ተላቀው እጃቸውን የሚያፍታቱበት ሥራ ፈልጉላቸው» ብዬ መክሬያችሁ ነበር። ለሰው መምከር ቀላል ነው። ምክሬ ዞሮ የራሴው ቤት ገባና አንድ ቅዳሜ ከባድ ዋጋ ሊያስከፍለኝ ነበር። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚያች ቅዳሜ ነው። የብረት ሥራ የማይነካካችሁም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩ፤ ነገሩ የብረት ብቻ አይደለም።

እናቴ ጠዋት ጠዋት ዳዊት ትደግማለች። ዕድሜ ገፋ፣ ዓይንም ደከመ፤ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታቀረቅር አንገቷን ያማታል። 15 ዓመት የሞላው ልጄ ይህን ሲያይ ቆይቶ አንድ ማታ እራት ላይ «ለእማማ አትሮንስ እሠራላታለሁ» አለን። ተራ አትሮንስ አይደለም። እንደ ፍላጎቷ ቀና እና ዘንበል የሚል ነው። በደብተሩ ላይ ሥሎ አሳየን። ግራና ቀኝ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የአሉሚኒየም ጠፍጣፋዎች ይቆማሉ። በእያንዳንዳቸው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሞላላ ቀዳዳ ይወጣል። በቀዳዳው ውስጥ ብሎን ይንሸራተታል፤ የተፈለገው ቦታ ላይ ሲደርስ ዳዶውን በእጅ ማጥበቅ ብቻ ነው። ሥዕሉን ሳየው ደስ አለኝ። ችግሩ ያቺ ሞላላ ቀዳዳ ነበረች።

ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ በብሎን የታሰረ የቁም ትራፓኖ አለ። የአባቴ ነው። አባቴ ተግባረ ዕድ ተምረው ዕድሜያቸውን ሙሉ በቶርኖና በፍሬዛ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ሲወጡ «እጄ እንዳይሰንፍ» ብለው ገዙት። አሁን እጃቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም እንደ ድሮው አይደለም። ትራፓኖውን ከነኩት ቆይተዋል። ልጄ ግን እሳቸው አጠገብ እየቆመ ቀዳዳ መብሳትን ከተማረ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ልጁ በስልኩ አንድ ቪዲዮ አይቷል። ሰውየው ተራ ትራፓኖ ላይ ፑንታውን አውልቆ በምትኩ ኢንድ ሚል የሚባለውን የፍሬዛ መቁረጫ ይገጥማል። ብረቱን ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ በሚሄድ ሞርሳ ያስራል። ከዚያ የሞርሳውን እጀታ እያዞረ ሞላላ ቀዳዳ ያወጣል። ኢንድ ሚል ለማታውቁት፣ ከሩቅ ሲያዩት ፑንታ ይመስላል። ልዩነቱ ጫፉ ሹል አለመሆኑ ነው። ጫፉ ደረቅ ጠፍጣፋ ሲሆን ጎኑም ልክ እንደ ጫፉ ስለት አለው። ፑንታ የሚቆርጠው በአፉ ብቻ ነው፤ ኢንድ ሚል በአፉም በጎኑም ይቆርጣል።

«አባዬ፣ እኛም እንዲህ ማድረግ እንችላለን» አለኝ። እንችላለን አልኩ። መርካቶ ወርደን ባለ 8 ሚሊ ሜትር መቁረጫና ያንን ባለ ሁለት አቅጣጫ ሞርሳ ገዛን። አባቴን አልጠየቅኳቸውም። ለምን እንዳልጠየቅኳቸው ሳስበው ያሳፍረኛል፤ «አይሆንም» ይሉኛል ብዬ ስለፈራሁ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ጠብቄ «በል ቶሎ እንጨርሰው» አልኩት።

መጀመሪያ ሁሉም ነገር አማረ። መቁረጫው ቁልቁል ሲወርድ አሉሚኒየሙን እንደ ቅቤ በሳው። ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ከዚያ የሞርሳውን እጀታ ወደ ጎን ማዞር ጀመረ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ሄደ። ድምፁ ተለወጠ፤ ጥርስ እንደማፋጨት ያለ ድምፅ ነበር። ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ትንሽ ቀስ በል» አልኩት፤ «አጥፋው» ማለት ሲገባኝ። መቁረጫው ብረቱን ነከሰ፣ ሞርሳው ወደፊት ተስፈነጠረ፣ ፑንታውን የሚነክሰው ቻክ ደግሞ ከላይ ከዘንጉ ተነቅሎ እየተሽከረከረ ወደቀ። ሞርሳው ላይ አርፎ ዘለለ፣ ወለሉ ላይ ነጠረና ነጠላ ጫማ ካደረገው የልጄ እግር አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ። መቁረጫው ተሰብሯል። አንደኛው ስባሪ ግድግዳው ላይ ነጥብ አበጅቷል። ሌላውን አላገኘነውም። በኋላ ግን የልጄን የዓይን መከላከያ መነጽር ሳወልቅለት ቀኝ መስታወቱ ላይ፣ ልክ ከብሌኑ ፊት ለፊት፣ ረጅም ጭረት አገኘሁ።

ያ መነጽር ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ነው። የሰቀሉት አባቴ ናቸው። ልጁ ያደረገው እኔ ስላዘዝኩት አልነበረም። እጁ በልምድ ወደ ሚስማሩ ስለሚሄድ ነው።

አባቴ ከለቅሶ ሲመለሱ ሁለታችንም ሰርቪስ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ነበር። ፊታችንን አይተው ምንም አልጠየቁም። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ጋቢያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉና ገቡ። ወለሉ ላይ የወደቀውን አዩ። ከዚያ ልጄን ጠሩት። «እጅህን አሳየኝ» አሉት። አሥሩንም ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካኩ። «እግርህንስ?» እግሩንም አዩ። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ወደ እኔ ዞር አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዱካ ሳቡና ቁጭ ብለው ቻኩን በጨርቅ ጠርገው አነሱት። «የዚህ ዕቃ ስም ማን ነው?» ብለው ልጁን ጠየቁት፤ ትራፓኖውን እያመለከቱ።

«ትራፓኖ።»

«ሞላላ ቀዳዳ የሚያወጣውስ?»

«ፍሬዛ።»

«ሁለቱንም ስም ከጣሊያኖች ነው የወሰድነው። ፑንታም፣ ሞርሳም፣ ቶርኖም እንዲሁ። ሰዎቹ ሁለት ስም ያወጡት ቃል ተርፏቸው አይደለም። ሥራው ሁለት ስለሆነ ነው።»

ከዚያ ያሉንን እኔ በገባኝ መጠን ላስረዳችሁ። ቤታችሁ ትራፓኖ ካለ፣ ወይም ልጃችሁ እንደኔው ልጅ ቪዲዮ አይቶ ከመጣ ይጠቅማችኋል።

የመጀመሪያው ነገር የግፊት አቅጣጫ ነው። ትራፓኖ የተሠራው ቁልቁል ለመግፋት ነው። ፑንታው ወደ ታች ሲገፋ ብረቱ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ዘንጉም፣ ኩሽኔታዎቹም፣ ምሰሶውም ይህንን ለመቻል የተዘጋጁ ናቸው። ወደ ጎን ሲገፋ ግን ሌላ ነገር ነው። ከቤቱ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው ዘንግ ረዘም ባለ መጠን ይወዛወዛል፤ ቀጭኑ ምሰሶም ይለመጣል። ፍሬዛን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አካሉ በሙሉ ወፍራም የብረት ቅልጥ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ለጌጥ አልተጨመረም፤ የጎን ግፊትን እንዲችል ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ቻኩ የተያዘበት መንገድ ነው። አባቴ ቻኩን ገልብጠው ውስጡን አሳዩን። ብሎን የለውም፣ ጥርስ የለውም። ሾጣጣ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሾጣጣ ዘንግ ገብቶበት ተጣብቆ ይቆማል። በሌላኛው ጫፍም ዘንጉ ከማሽኑ ጋር የሚያያዘው በብዙ ትራፓኖዎች ላይ በዚሁ ዓይነት ሾጣጣ ነው። ይህ ሾጣጣ የሞርስ ሾጣጣ ይባላል፤ በ1860ዎቹ አሜሪካዊው ስቲቨን ሞርስ የፈጠረው ነው። በየ20 ሚሊ ሜትሩ ርዝመት ውፍረቱ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚቀንስ፣ ወደ ላይ ሲገፉት እየጠበቀ ይሄዳል። ቁልቁል ሲበሱበት ብረቱ ወደ ላይ ስለሚገፋው ይብስ ይጠብቃል። ግሩም ዘዴ ነው፤ ለዚያ ሥራ ግን ብቻ። ግፊቱ ከጎን ሲመጣና ሲንቀጠቀጥ ሾጣጣው ትንሽ በትንሽ ይላላል። ከዚያ የሚይዘው ነገር የለም። እኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

«ፍሬዛ ላይስ ለምን አይወድቅም?» አለ ልጄ።

«ፍሬዛ ላይ ዘንጉ ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው። ከላይ ረጅም ብሎን ይገባል፤ ሾጣጣውን ወደ ላይ ስቦ ያስረዋል። ብሎኑን ካልፈታኸው በቀር አይወርድም።»

ሦስተኛው መቁረጫው ራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። የኢንድ ሚል ስለት እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተጠቀለለ ነው። በጎኑ በሚቆርጥበት ጊዜ ያ ጥምዝ ፍቅፋቂውን ወደ ላይ ይልካል፣ ራሱን ደግሞ ወደ ታች ይስባል። የትራፓኖ ቻክ በሦስት ጥርስ ነው የሚነክሰው፤ የመቁረጫው እጀታ ደግሞ ጠንካራና ለስላሳ ነው። ስለዚህ ቻኩ ባይወድቅ እንኳ መቁረጫው ቀስ እያለ ከቻኩ እየወጣ ወደ ብረቱ ይሰምጣል። ፍሬዛ ላይ የሚይዘው ኮሌት ነው፤ ዙሪያውን እንደ ቀለበት አቅፎ የሚጨብጥ።

አራተኛው ፍጥነት ነው። መቁረጫ የሚፈልገው ዙር በብረቱ ዓይነትና በራሱ ውፍረት ይወሰናል። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ብረቱ የሚፈቅደውን በደቂቃ የመቁረጥ ፍጥነት በሜትር ወስዶ በ1,000 ማባዛት፣ ከዚያ ለመቁረጫው ውፍረትና ለ3.14 ብዜት ማካፈል ነው። ለተራ ብረት በደቂቃ 25 ሜትር ገደማ ብንወስድ፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በደቂቃ 1,000 ዙር አካባቢ ይፈልጋል። ለአሉሚኒየም 75 ሜትር ብንል ወደ 3,000 ዙር ይጠጋል። እኛ ቺንጋውን በየትኛው ፑሌጃ ላይ እንዳለ እንኳ አላየንም ነበር። እንጨት ላይ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንጨት በጎን የሚፍቅ ራውተር በደቂቃ ከ10,000 እስከ ከ20,000 በላይ ይዞራል። የጠረጴዛ ትራፓኖ ብዙ ጊዜ ከ3,000 ብዙም አያልፍም። ለዚህ ነው ትራፓኖ ላይ በራውተር ስለት የተሠራ እንጨት ጠርዙ የሚበጣጠሰው።

አምስተኛው ያ በኩራት የገዛነው ሞርሳ ነው። አባቴ በሁለት እጃቸው ይዘው ወዘወዙት፤ ቋ፣ ቋ አለ። «ይህ ልቅነት ሲበሱበት አይታይም። መቁረጫው ብረቱን ሲነክስ ግን ሞርሳው ያችን ልቅ ቦታ ያህል በአንዴ ይዘላል። መቁረጫህን የሰበረው ይህ ዝላይ ነው።»

ልጄ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ግን ሠርቶበታል» አለ።

«ልክ ነህ» አሉ አባቴ። «እኔም በወጣትነቴ አድርጌዋለሁ። አንድ ጊዜ ይሠራል፣ ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሦስተኛውን ማንም አይቀርጸውም።»

እዚህ ላይ የግራ እጃቸውን ዘረጉ። የአባቴ ሌባ ጣት ጫፉ የለም። ልጅ ሆኜ ስጠይቃቸው «አይጥ በልታው ነው» እያሉ ያስቁኝ ነበር። አድጌ ደግሞ መጠየቅ ተውኩ። ለልጅ ልጃቸው ግን ያን ቀን ነገሩት። 23 ዓመታቸው ነበር። ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ጓንት አድርገው ትራፓኖ ላይ ቆሙ። ረጅም የብረት ፍቅፋቂ ከፑንታው ጋር ይዞር ነበር፤ በእጃቸው ሊያነሱት ሲዘረጉ ጓንቱን ያዘው። «ባዶ እጅ ቢሆን ይቧጭረኝ ነበር። ጓንቱ ግን አልለቅም አለ። ያን ጊዜ አባትህ ገና አልተወለደም። ሁለት እጅ ኖሮኝ አንድ ቀን ሙሉ አቅፌው አላውቅም፤ ሁልጊዜ ይቺ ትቀራለች» አሉና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ይህን ታሪክ ለመስማት 47 ዓመት ፈጅቶብኛል።

ልጄ ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ቀን ሰርቪስ ቤት አልገባም። ስልኩን ይዞ ተኛ። እኔ ልማጸነው ሞከርኩ፤ አልሆነም። በአራተኛው ቀን አባቴ ከሰርቪስ ቤት ሆነው ተጣሩ። «ና እስቲ፣ ይህን መስመር አስምርልኝ፤ ዓይኔ እምቢ አለኝ።» ልጁ ተነሥቶ ሄደ። እኔ በመስኮት ነበር የማያቸው።

ሞላላዋን ቀዳዳ ያወጡት በቀዳዳዎች ሰልፍ ነው። ዘዴው ጥንታዊ ነው፤ ትራፓኖና ሞረድ ያለው ሁሉ ይችለዋል። መጀመሪያ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። በመስመሩ ላይ በየ8 ሚሊ ሜትሩ ነጥብ ይደረጋል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 80 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 11 ነጥብ ይወጣል። እያንዳንዱ ነጥብ በሹል ብረት ይመታል፤ ያች ትንሽ ጉድጓድ ፑንታው እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። ሁለቱ የዳር ቀዳዳዎች በባለ 8 ፑንታ፣ መካከል ያሉት ዘጠኙ በባለ 7 ይበሳሉ። እንዲህ ሲሆን በቀዳዳዎቹ መካከል ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ግድግዳ ብቻ ይቀራል። እሱን በጠባብ መሮ ቀስ አድርጎ መስበር፣ ከዚያ በቀጭን ጠፍጣፋ ሞረድ እስከ መስመሩ ማስተካከል ነው።

አሉሚኒየም ሞረድን ይደፍናል። የእህል ሊጥ ወንፊት ላይ እንደሚጣበቀው በሞረዱ ጥርሶች መካከል ይጣበቃል። አባቴ ለዚህ ጠመኔ ያስመጣሉ። ሞረዱ ላይ ጠመኔ ሲታሸበት አሉሚኒየሙ አይጣበቅም፤ ሲደፈን በሽቦ ብሩሽ መጥረግና እንደገና ጠመኔ መቀባት ነው። ለአንዷ ቀዳዳ አንድ ከሰዓት ፈጀ። ለሁለተኛዋ ግማሹን። አባቴ ሞረድ አልነኩም። «ወደፊት ስትገፋ ተጫን፣ ስትመለስ አንሣ» ከማለት በቀር ብዙም አልተናገሩም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው በእውነት ለሞረድ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

ኢንድ ሚል ታዲያ ከትራፓኖ ጋር ጭራሽ አይገናኝም ማለት ነው? ይህንንም ልጄ ጠይቋቸው ነበር። የአባቴ መልስ «ሥራው ቁልቁል ከሆነ ችግር የለም» የሚል ነው። የአትሮንሱ እግር ከእንጨት ነው፤ የብሎኑ ራስ ከእንጨቱ ሥር እንዳይወጣ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ፑንታ የሾለ ጉድጓድ ነው የሚያወጣው። ኢንድ ሚል ግን ቀጥ ብሎ ሲወርድ ጠፍጣፋ ጉድጓድ ያወጣል፤ ግፊቱም ከታች ወደ ላይ ስለሆነ ሾጣጣው አይላላም። ሁለት ነገር ብቻ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የመቁረጫውን አፍ ገልብጦ ማየት፤ ቢያንስ አንዱ ስለት እስከ መሃል ከደረሰ ቁልቁል ይበሳል። መሃሉ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ግን ብቻውን መውረድ ስለማይችል አስቀድሞ በፑንታ መብሳት ግድ ነው። ሁለተኛ፣ ዕቃው በማሰሪያ ከጠረጴዛው ጋር መታሰር አለበት፤ በእጅ አይያዝም። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነና ሳይጣደፉ ከወረዱ ጥሩ ሥራ ይወጣል። የእናቴ አትሮንስ አራቱም ጉድጓዶች እንዲህ ነው የወጡት።

ልጃችሁ ከዚህ በላይ የሚሄድ ሥራ ከያዘ፣ ብዙ ሞላላ ቀዳዳ ወይም ወፍራም ብረት ከሆነ፣ ሥዕሉን ይዞ ቶርኖ ቤት ሄዶ በፍሬዛ ማስቆረጥ ይቀላል። አብራችሁት ሂዱ። ማሽኑን ቆሞ ማየቱ ራሱ ትምህርት ነው። «ትራፓኖም ፍሬዛም ነው» ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ከቀረበላችሁ ደግሞ የላዩን ክዳን አስከፍታችሁ ተመልከቱ። ዘንጉ ክፍት ሆኖ ሾጣጣውን ወደ ላይ ስቦ የሚያስር ረጅም ብሎን ካለው ነገሩ ለጎን ሥራ ታስቦበታል። ከሌለው፣ ሻጩ ምንም ቢልም ትራፓኖ ነው።

አሁን ሰርቪስ ቤታችን በር ላይ ልጄ በራሱ እጅ የጻፈው ወረቀት ተለጥፏል። ያለው ይህን ነው። መነጽር ሳያደርጉ አይገባም። ጓንት፣ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ሻርፕና የተንጠለጠለ እጅጌ ክልክል ነው፤ ረጅም ፀጉር ይታሰራል። ነጠላ ጫማ አይደረግም። የቻኩ ቁልፍ ከእጅ አይለይም፤ ቻኩ ላይ ተረስቶ ከተነሳ እንደ ጥይት ነው። ፍቅፋቂ በብሩሽ እንጂ በእጅ አይነካም፤ ያውም ማሽኑ ከቆመ በኋላ። ድምፁ ከተለወጠ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ይታሰባል።

የመጨረሻዋ መስመር የእኔ ጭማሪ ናት፤ መብራት ከሄደ ማብሪያው ይጠፋል፣ ሶኬቱም ይነቀላል። በእኛ ከተማ መብራት ሳይነግር ይሄዳል፣ ሳይነግርም ይመለሳል። ማብሪያው በርቶ ከተረሳ ትራፓኖው ማንም ሳይነካው ይነሳል፤ ልጅ እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ይሆናል። መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሳ፣ እንደገና ካልተጫኑት የማይሠራ ማብሪያ አለ። ከመቁረጫና ከሞርሳ በፊት እሱን ብንገዛ ኖሮ ገንዘባችን ቁም ነገር ላይ ይውል ነበር።

ወላጆች፣ እኔን ያሳሳተኝ ልጄን ለማስደሰት መቸኮሌ ነው። «እንችላለን» ማለት ጥሩ ነገር ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ደብቆ ግን አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ በሁለት ቀን ላስጨርሰው ያልኩት ሥራ ሁለት ሳምንት ፈጀ። አያቶች፣ ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የጣታችሁን፣ የጠባሳችሁን ታሪክ «አይጥ በልታው ነው» እያላችሁ አትለፉት። አባቴ ያችን ጠዋት ቀደም ብለው ነግረውኝ ቢሆን፣ ቅዳሜ ዕለት «ቀስ በል» ሳይሆን «አጥፋው» እል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አትሮንሱ ባለፈው እሑድ አለቀ። እናቴ መጽሐፏን አስቀምጣ ብሎኑን አላልታ፣ ከፍ ዝቅ አድርጋ አጠበቀችው። አንገቷን ቀና አድርጋ ጥቂት አነበበች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ቀዳዳዋን ትክ ብላ አየችና «ይቺ ግራዋ ትንሽ አልጠመመችም?» አለች።

ልጄ አያቱን ተመለከተ። አባቴ «የእጅ ሥራ ነው፤ ትጠማለች» አሉ።

የተጫረውን መነጽር አልጣልነውም። ልጄ አዲስ ተገዝቶለታል፤ አሮጌው አሁንም በሩ ላይ ከጋቢው ሚስማር አጠገብ ተሰቅሏል።